ትልቅ ማሠልጠኛ ያደገ የእሽቅድምድም ፈረስ ትንሽ ግቢ ሲገባ ጠባዩ ለምን ይበላሻል?

ባልደራስ ዘዱባይ

ሰላም ለቤቱ። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ካለ አንድ ነገር ልጠይቅ።

ዱባይ ነው ያለሁት። ሥራዬ የእሽቅድምድም ፈረስ መንከባከብ ነው። በፊት የነበርኩበት ማሠልጠኛ ትልቅ ነው፣ ከመቶ በላይ ፈረስ አለው። የፈረስ መዋኛ ገንዳ፣ በክብ የሚያራምዳቸው ማሽን፣ የራሱ ሐኪም፣ ሁሉም ነገር በሰዓት። አሁን አንድ ባለሀብት ጋ ነው የገባሁት። ስድስት ፈረስ ብቻ ነው ያለው። ግቢው ያምራል፣ ጋጣዎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ኤሲ አላቸው፣ እኛ ሠራተኞቹ ከምናድርበት ክፍል ይሻላሉ (ለቀልድ ነው፣ ግን እውነት ነው)።

ችግሩ አንድ የአራት ዓመት የተኮላሸ ፈረስ ነው። ሰውዬው የገዛው እኔ ከነበርኩበት ማሠልጠኛ ስለሆነ እዚያ እያለም አውቀዋለሁ። እዚያ በግ ነበር። ብረት ጫማ ሲመቱለት ዝም፣ መኪና ላይ ሲጭኑት ዝም። እዚህ ከመጣ በኋላ ሌላ ፈረስ ሆነ። ጎረቤቱ ለልምምድ ሲወጣ ያብዳል። በሩ ላይ ይቆምና ክብደቱን ከግራ እግሩ ወደ ቀኝ እግሩ እያዛወረ፣ አንገቱን በበሩ ላይ አውጥቶ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ ደግሞ አያቆምም። በሩ ሥር ያለው ላስቲክ ምንጣፍ ሁለት ቦታ ላይ ተበልቶ ጎድጉዷል፣ ልክ የፊት እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ላይ። የማታ አጃውን ግማሹን ትቶት ያድራል። ውድድር ስንወስደው ደግሞ ገና ኮርቻ ሳይጫን አንገቱ ላይ ላቡ ነጭ አረፋ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ሜዳ ሲገባ ጉልበቱ ቀድሞ አልቋል።

አሠልጣኙ «ትልቅ ግቢ ነው ያበላሸው፣ እዚያ ቁጥር ነበር፣ አሁን ሰው ዓይኑን ሲጥልበት ቀበጠ» ይላል። ባለቤቱ ሊሸጠው ያስባል። እኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል፣ ግን ፈረስ ጠራጊ ምን ያውቃል ተብሎ ማን ይሰማኛል። የማሠልጠኛው ትልቅነትና ትንሽነት የፈረስን ጠባይ ይቀይራል? ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ዳማው

ወንድሜ አትድከም፣ ደም ነው። የእሽቅድምድም ፈረስ ሲፈጥረው ደንባራ ነው። የዛሬዎቹ ቶሮብሬዶች (የእሽቅድምድም ፈረስ ዘር ናቸው) አባት ለአባት ሲቆጠሩ እንግሊዝ አገር የገቡ ሦስት ድንጉላዎች ላይ ይደርሳሉ፣ ዳርሊ አረቢያን፣ ጎዶልፊን አረቢያን፣ ባየርሊ ተርክ። ከዚያ ወዲህ የተመረጡት ለፍጥነት ነው እንጂ ለጨዋነት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሄስቲንግስ የሚባል ድንጉላ ነበረ፣ በ1896 (በፈረንጆቹ) ቤልሞንት የሚባለውን ትልቅ ውድድር ያሸነፈ፣ ሰው የሚነክስ፣ ሌላ ፈረስ ላይ የሚወረወር። ክፋቱ ለልጅ ልጆቹ ተርፏል ይባላል። ያንተውም አያቱን ብታየው አንዱ እብድ አይጠፋም። ባለቤቱ ይሽጠውና ይገላገል።

የኒውማርኬቱ

ዳማው፣ ደሙማ እዚያ ማሠልጠኛ እያለም ያው ደም ነበር። ታዲያ ለምን በግ ሆኖ ከረመ?

ባልደራስ፣ እኔ ኒውማርኬት ነው ያለሁት፣ እንግሊዝ። ከተማው እንዳለ ፈረስ ነው፣ ከሁለት ሺህ በላይ የእሽቅድምድም ፈረስ እዚህ ይሠለጥናል። መኪና ቆሞ ፈረስ ያሳልፋል፣ የፈረስ ብቻ የሆነ መንገድ አለ። ትልልቅ ግቢዎችም ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ትንንሾቹም ውስጥ። የታዘብኩትን ልንገርህ።

ፈረስ ሁለት መቶ መቁጠር አይችልም። ትልቅ ግቢ ማለት ለሰው ነው ትልቅ፣ ለፈረሱ አይደለም። እዚህ ሁለት መቶ ፈረስ ያለው አሠልጣኝ ሁሉንም አንድ ቤት ውስጥ አያጉራቸውም፣ በሃያ በሠላሳ ተከፋፍለው በየቤታቸው ነው የሚኖሩት፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ኃላፊ አለው፣ የራሱ ሠራተኛ አለው። ፈረሱ የሚያውቀው በግራው ማን እንዳለ፣ በቀኙ ማን እንዳለ፣ ከፊት ለፊቱ ማን እንዳለ ነው። ጠዋት ሲወጣም ለብቻው አይወጣም፣ በሰልፍ ነው የሚወጡት። ዋረን ሂል የሚባል ዳገት አለ፣ ጠዋት ጠዋት ፈረሶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲወጡት ብታይ፣ ወጣቱና ፈሪው ሁልጊዜ ከአንድ ነገሩ ሁሉ ከገባው ሽማግሌ ኋላ ነው የሚደረገው። ወጣቱ የሚያየው የሽማግሌውን ጭራ ብቻ ነው። ሽማግሌው ካልደነበረ እሱም አይደነብርም።

አሁን ስድስት ፈረስ ባለበት ግቢ ይሄን ከየት ታመጣዋለህ? አንዱ ሲወጣ የቀሩት አምስት ናቸው። ሁለቱ ሲወጡ አራት። ያንተው ፈረስ ብቻውን የቀረ የሚመስለው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ትልቅ ግቢ የሚጎድለው ሰው ነው። ድሮ እዚህ አንድ ልጅ ሁለት ፈረስ ነበር የሚይዘው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። አሁን ሦስት፣ አራት፣ ሰው ሲጠፋ ከዚያም በላይ ነው። ሠራተኛ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፈረሱ ዛሬ አንተ፣ ነገ ሌላ ሰው ልጓም ያገባበታል። የተረጋጋ ፈረስ ምንም አይመስለውም። ፈሪ ፈረስ ግን እዚያ ላይ ይጎዳል፣ ደግሞ መጎዳቱን የሚያይለት የለም፣ ምክንያቱም ትናንት ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም።

ፍራንክልን ታውቁታላችሁ። በፈረንጆቹ ከ2010 እስከ 2012 አሥራ አራት ጊዜ ሮጦ አሥራ አራቱንም ያሸነፈው። እሱ እኮ መጀመሪያ ላይ ጋላቢ ይዞ የሚጠፋ ፈረስ ነበር፣ ማንም የማይመልሰው። አሠልጣኙ ሄንሪ ሴሲል ጋ ነበር፣ እዚሁ ኒውማርኬት፣ ዋረን ፕሌስ የሚባል ግቢ። ግቢው ትንሽ አልነበረም። ግን ለሱ የተመደበ አንድ ጋላቢ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ያው ሰው፣ ያው እጅ፣ ያው ድምፅ። ቡሌት ትሬን የሚባለው የእናቱ ልጅ ደግሞ አጃቢው ሆነ፣ ውድድር ላይ ሳይቀር ከፊት እየሮጠ ፍጥነት ያወጣለት ነበር። በትልቅ ግቢ ውስጥ ትንሽ ቤት ሠሩለት ማለት ነው።

የእንጅባራው

ሰው ሁሉ ዱባይና እንግሊዝ ሲል እኔም ከአገው ምድር ልግባ።

እኛ ጋ ጥር 23 ቀን የፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር እንጅባራ ላይ የሚሰበሰበውን ፈረስ ብዛት ያየ ሰው ያውቀዋል። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ፈረሱ በመጣብር አጊጦ፣ ሰው እየጮኸ፣ እየተፎከረ፣ ጥሩምባ እየተነፋ፣ በሺህ በሚቆጠር ፈረስ መሃል ይቆማል። ይደነብራል? ጥቂቱ ሊደነብር ይችላል። አብዛኛው ግን ጆሮውን እንኳን አያቆምም። ጋጣ ውስጥ አይደለም እኮ ያደገው። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ሜዳ ላይ ከሌላ ፈረስ፣ ከከብት፣ ከበግ፣ ከልጅ ጋር ነው የዋለው። ኤሲ ያለው ክፍል ውስጥ ለብቻው ሃያ ምናምን ሰዓት የሚዘጋበት ፍጡር አያብድም ብላችሁ ነው? እኔም አብዳለሁ።

እናንተ ጋ ሜዳ አይለቀቅም እንዴ?

ባልደራስ ዘዱባይ

@የእንጅባራው በበጋ ሙቀቱ አያስወጣም ወንድሜ። ልምምድ የሚሠሩት ሳይነጋ ነው፣ ፀሐይ ሳትበረታ መግባት አለባቸው። በክረምት፣ ማለትም ከኅዳር እስከ መጋቢት ውድድር ባለበት ጊዜ፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ግን ያኔ ደግሞ «ይጎዳብናል» ብለው አይለቁትም። አሸዋ ላይ ትንሽ ተንከባሎ ይመለሳል።

@የኒውማርኬቱ ይሄ የጎረቤት ነገር ልክ ይመስለኛል። እዚያ ማሠልጠኛ እያለ በጋጣዎቹ መሃል ያለው ግድግዳ ከላይ ፍርግርግ ብረት ነበር፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ይሸታተታሉ። እዚህ ግድግዳው እስከ ላይ ድፍን ነው። እብነ በረድ ለጥፈውበታል። ሰውዬው ለእንግዳ ሲያሳየው ደስ ይለዋል።

የቢሾፍቱ ሐኪም

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ቢሾፍቱ ነው የምሠራው። ከእሽቅድምድም ፈረስ ይልቅ የጋሪ ፈረስና አህያ ነው በእጄ የሚያልፈው፣ ግን የፈረስ ጨጓራና የፈረስ ፀባይ በሀብት አይለይም።

ባልደራስ፣ አሠልጣኛችሁ «ትልቅ ግቢ ነው ያበላሸው» ያለው ነገር ላይ አንድ የሚገርም ጥናት ልጥቀስልህ። በ1995 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ነው፣ የብሪታንያ የእሽቅድምድም ፈረስ አሠልጣኞች በመጠይቅ ተጠይቀው። እንዲህ ያለው መወዛወዝ፣ የበር ጠርዝ ነክሶ አየር መዋጥ፣ እንጨት መብላት፣ ጋጣ ውስጥ ክብ እየሠሩ መዞር፣ ከምን ጋር ይመጣል የሚለውን ነው ያዩት። ድርቆሽና መሰል መኖው በቀን ከ6.8 ኪሎ ሲያንስ አደጋው ይጨምራል። ከሥሩ የሚነጠፍለት ጭድ ሳይሆን ሌላ ነገር ሲሆን ይጨምራል። ጋጣው ከጎረቤት ጋር የማያገናኝ ሲሆን ይጨምራል። ሌላው ደግሞ፣ ግቢው ውስጥ ያለው የፈረስ ብዛት ከ75 ሲያንስ ይጨምራል። ሲያንስ ነው ያልኩት።

ይሄ ማለት ግን ትንሽ ግቢ ያሳብዳል ማለት አይደለም፣ ባለቤቱ ጋ ሮጣችሁ እንዳትነግሩት። መጠይቅ አብሮ የሚታየውን ነገር ነው የሚያሳየው፣ ምን ምኑን እንዳመጣ አይነግርም። የኔ ግምት ሁለት ነው። አንደኛ የኒውማርኬቱ እንዳለው ባልንጀራ ማነሱ ነው። ሁለተኛ ትንሽ ግቢ ያለ ሰው ፈረሱን ያያል፣ ስለዚህ ይቆጥራል። ትልቁ ጋ ያለው በር የሚነክሰውን ፈረስ አይቶ «እሱ ድሮም እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ መጠይቁም ላይ አይሞላውም።

አሁን ወደ ፈረስህ ልምጣ። አጃውን ግማሹን ትቶ ያድራል ያልከው ከመወዛወዙ በላይ አሳስቦኛል። የፈረስ ጨጓራ ለትልቅነቱ ትንሽ ነው፣ አሲድ ደግሞ ሳያቋርጥ ያመነጫል፣ በላም አልበላም። ሲፈጠር ቀኑንና ሌሊቱን ሣር እየነጨ እንዲውል ነው። ሣር ሲያኝክ ምራቁ አሲዱን ያበርድለታል። አንተ ጋ በቀን ሁለቴ አጃ ጠግቦ፣ ድርቆሹን በሁለት ሰዓት ጨርሶ፣ ቀሪውን ሰዓት በባዶ ሆድ ከቆመ አሲዱ የጨጓራውን የላይኛውን ክፍል ይበላዋል፣ ያ ክፍል መከላከያ የለውም። ባዶ ሆዱን ሲጋልብ ደግሞ አሲዱ ወደ ላይ ይረጫል። ሥልጠና ላይ ካሉ የእሽቅድምድም ፈረሶች አብዛኞቹ የጨጓራ ቁስለት እንዳለባቸው የታወቀ ነው። ኮርቻው ሆዱ ላይ ሲታሰር ጥርሱን ያፋጫል ወይ ይራገጣል? ጸጉሩ ደብዝዟል?

ባልደራስ ዘዱባይ

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። የኮርቻውን ቀበቶ ስናጠብቅ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ አንዳንዴም ሊነክስ ይዞራል። እኛ ጠባዩ ነው ብለን ነበር። ድርቆሽ ጠዋትና ማታ ነው የምንሰጠው፣ እኩለ ቀን ላይ ምንም የለም። የሚነጠፍለት የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። ጸጉሩ እውነትም እንደ በፊቱ አያብረቀርቅም።

እዚያ ማሠልጠኛ እያለ ድርቆሹ በመረብ ተንጠልጥሎ አያልቅም ነበር፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ሲጎድል የሚሞላ ልጅ ነበር፣ ሥራው እሱ ብቻ ነበር።

የቦስተኑ

ዳማው ሄስቲንግስን ካነሳ አይቀር ጨርሶ ይናገር እንጂ! የሄስቲንግስ ልጅ ፌር ፕሌይ፣ የፌር ፕሌይ ልጅ ማን ኦ ዋር፣ የማን ኦ ዋር ልጅ ሃርድ ታክ፣ እሱም ክፉ ነበር፣ የሃርድ ታክ ልጅ ደግሞ ሲቢስኬት። ሲቢስኬት ላይ ነው የዚህ ጥያቄ መልስ ያለው።

እኔ ቦስተን ነኝ። ሎጋን ኤርፖርት ሰው ሳደርስ ሰፎክ ዳውንስ በሚባለው አሮጌ የፈረስ ሜዳ በኩል ነው የማልፈው። በፈረንጆቹ 2019 እሽቅድምድሙን ጨርሰው ዘጉት። በ1936 ቶም ስሚዝ የሚባል አሠልጣኝ ሲቢስኬትን መጀመሪያ ያየው እዚያ ነው።

ያኔ ሲቢስኬት የሚኖረው ትልቅ ቤት ነበር። አሠልጣኙ ጄምስ ፊትዝሲመንስ ነው፣ ሰዉ «ሰኒ ጂም» የሚለው። ሰውዬው ደግሞ ቀሽም አልነበረም፣ በ1935 ኦማሃ በሚባል ፈረስ ትሪፕል ክራውን፣ ማለትም የአሜሪካን ሦስት ትልልቅ ውድድሮች፣ የወሰደ፣ በዓመቱ ደግሞ ግራንቪል የሚባለው የዓመቱ ፈረስ የተባለለት። እንግዲህ እንዲህ ያሉ ከዋክብት ባሉበት ቤት ትንሽዬ፣ ጉልበቱ ጎበጥ ያለ፣ እንቅልፋም ፈረስ ማን ያየዋል። ገና የሁለት ዓመት ሳለ በአንድ ዓመት 35 ጊዜ አሮጡት። ሠላሳ አምስት! ዛሬ ብዙ ፈረስ በዕድሜው ሙሉ ያን ያህል አይሮጥም። ስሚዝ ጋ ሲመጣ ከስቶ፣ ምግብ ጠልቶ፣ ጋጣው ውስጥ ክብ እየሠራ የሚዞር ፈረስ ነበር። ቻርልስ ሃዋርድ የሚባል የመኪና ነጋዴ በ8,000 ዶላር ነው የገዛው።

ስሚዝ ምን አደረገ? መጀመሪያ ፍየል አስገባለት፣ ጓደኛ ትሁነው ብሎ። ፈረሱ ፍየሏን በጥርሱ አንስቶ አራግፎ በበሩ ላይ ወደ ውጭ ወረወራት። በቃ ከፍየል ጋር ነገሩ እዚያው አበቃ። ቀጥሎ ፓምፕኪን የሚባል ቢጫ ፈረስ አመጣ፣ በከብት እረኝነት ያረጀ፣ ምንም የማይደንቀው። በሁለቱ ጋጣ መሃል ያለውን ግድግዳ አፈረሰው። ሁለቱ አብረው ኖሩ፣ በባቡር አብረው ተጓዙ። አንድ ባለቤት የሌለው ውሻና አንዲት ዝንጀሮም ተጨመሩ፣ አትሳቁ፣ እውነት ነው። ስሚዝ ራሱ በሌሊት ጋጣው በር ላይ ይተኛ ነበር ይባላል፣ ፈረሱንም የፈለገውን ያህል እንዲተኛ ይተወው ነበር። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 ቀን 1938 ሲቢስኬት ዋር አድሚራል የሚባለውን ፈረስ ፒምሊኮ ሜዳ ላይ አንድ ለአንድ ገጥሞ አሸነፈው። ዋር አድሚራል ደግሞ የማን ኦ ዋር ልጅ ነው፣ ያው የሄስቲንግስ ደም። እና ዳማው፣ ደሙ የት ሄደ?

ዳማው

እሺ እሺ፣ ደሙ አልጠፋም፣ ተገራ እንበል 😂። ግን አንተም ራስህ ለኔ ነው የመሰከርክልኝ። ከትልቅ ቤት ወደ ትንሽ ቤት ሲሄድ ነው የዳነው። ባልደራስ ደግሞ ከትልቅ ወደ ትንሽ መጥቶ ነው የታመመበት። ታዲያ የትኛው ነው?

የኒውማርኬቱ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲቢስኬት የዳነው ትንሽ ቤት ስለገባ አይደለም፣ ግድግዳው ስለፈረሰለት፣ አንድ ሰው ስለያዘው፣ ዕረፍት ስላገኘ ነው። እነዚህን ሦስቱን ትልቅ ቤትም ትንሽ ቤትም መስጠት ይችላል፣ መከልከልም ይችላል። ትልቁ ቤት መጀመሪያ የሚያጎድለው ሰውን ነው። ትንሹ ቤት መጀመሪያ የሚያጎድለው ባልንጀራን ነው። ስለዚህ የምትጠይቀው ፈረሱ ምን እንደጎደለው ነው። ያንተው ፈረስ ሰው አልጎደለውም፣ አንተ አለህለት።

ትንሽ ቤት ፈረስ ማሳረፍ እንደሚችልማ የሚከራከር የለም። በፈረንጆቹ 1990 ጎልድ ካፕ የሚባለውን የቼልተንሃም ትልቅ ውድድር ያሸነፈው ኖርተንስ ኮይን በውርርድ መቶ ለአንድ የተያዘ፣ ያሸንፋል ተብሎ ያልተጠበቀ ፈረስ ነበር፣ ያሠለጠነው ዌልስ ውስጥ ላም የሚያልብ ገበሬ ነው፣ እፍኝ የማይሞላ ፈረስ ብቻ የነበረው። ዝነኛው ፈረስ ዴዘርት ኦርኪድ ያን ዕለት ሦስተኛ ወጣ። ገበሬው እብነ በረድ አልነበረውም።

ጃፓኖቹ ደግሞ ሁለቱንም አጣምረውታል። ሚሆና ሪቶ የሚባሉ ሁለት ግዙፍ የሥልጠና ማዕከሎች አሏቸው፣ በሺህ የሚቆጠር ፈረስ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራል። ነገር ግን እያንዳንዱ አሠልጣኝ የሚሰጠው ጋጣ ሃያ ምናምን ነው፣ አንድ ተንከባካቢ የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፈረስ ነው። ፈረስ ሲደክም ደግሞ ወደ ገጠር እርሻ ወጥቶ ያርፋል። ሜዳው የጋራ፣ ቤቱ የብቻ።

የቢሾፍቱ ሐኪም

ልክ ነው። ባልደራስ፣ እንግዲህ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፣ ነገ ጠዋት ምን እንደምታደርግ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይሄን ሁሉ ታሪክ ሰምተህ ተመልሰህ ያው ጋጣ ነው የምትገባው።

ገንዘብ የማይጠይቀው ድርቆሹ ነው። ቀዳዳው ጠበብ ባለ መረብ አድርጉለትና ሌሊቱን ሙሉ እንዲቆይለት አድርጉ፣ ቀን ላይም እንዲሁ። ጠዋት ከመጋለቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ጥቂት አልፋልፋ ስጡት፣ አልፋልፋ ውስጥ ያለው ካልሲየም አሲዱን ያበርዳል፣ ሆዱም ባዶ አይሆንም። «ሆዱ ከበደ» ይላል አሠልጣኙ፣ ጥቂት ነው በሉት። አጃውን ቀንሱና በሦስት አራት ጊዜ ከፋፍሉት።

ግድግዳውን ባለቤቱ ያፈርሳል ብዬ አልጠብቅም። ካላፈረሰ ግን ቢያንስ አንድ መስኮት ያስከፍት። ጎረቤታቸውን የሚያዩበት መስኮት የተከፈተላቸው ፈረሶች መወዛወዛቸው እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል። እሱም ካልሆነ መስታወት አለ፣ የማይሰበር የፕላስቲክ መስታወት፣ ጋጣው ውስጥ ይሰቀልለታል። ይሄም ተሞክሮ መወዛወዝን ቀንሷል። የራሱን መልክ ሌላ ፈረስ ይምሰለው አይምሰለው አከራካሪ ነው፣ ግን ይረጋጋል። በሩ ላይ ብረት አድርገው አንገቱን እንዳያወጣ የሚከለክሉ አሉ፣ እሱን እንዳታደርጉት። ወደ ውስጥ ገብቶ ይወዛወዛል እንጂ አይተወውም። ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ነው የሚሆንባችሁ።

ከዚያ በካሜራ ጨጓራው ይታይ። ዱባይ ይሄን የሚሠራ የፈረስ ሐኪም ሞልቷል።

ባልደራስ ዘዱባይ

ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት ለአሠልጣኙ ስለ ጨጓራው ነገርኩት። የቀበቶውን ነገር ሳነሳለት ዝም አለ፣ ቀጥሎ ሐኪሙ ጋ ደወለ። ስለ መስኮቱ እሱ ራሱ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ አለኝ። እብነ በረዱ ውድ ነው ብሎ ሳቀ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ግቢ ውስጥ አንድ ያረጀ፣ ከውድድር የወጣ ፈረስ አለ፣ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጋልቡት። ዳር ላይ ያለው ጋጣ ውስጥ ነው። እሱን አምጥተን ጎኑ ብናደርገውስ? ወይስ ሁለቱ ከተላመዱ በኋላ ወደ ውድድር ስንወስደው ይብስበታል?

የኒውማርኬቱ

አምጣው እንጂ! ዛሬውኑ አምጣው። ውድድር ሲኖር ደግሞ በመኪና አብሮት ይሂድ፣ ቦታ ካለ። እዚህ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ችግር የሚሆነው ሁለቱ ብቻ ከሌላው ተለይተው ሲቀመጡና አንዱ ሲወጣ ሌላው ብቻውን ሲቀር ነው፣ ያኔ አንድ እብድ የነበረህ ሁለት ይሆኑብሃል። ስለዚህ ሦስተኛ ጎረቤት ይኑር። ሲወጡም አንዳንዴ ሽማግሌው ይቅር፣ አንዳንዴ እሱ ይቅር፣ መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ። ድርቆሽ በአፉ እያለ ነው የሚለያዩት፣ ባዶ አፍ ሆኖ አይደለም።

ጠዋት ሲወጡም ሽማግሌውን ከፊት አድርጉት። ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ያንተው ከኋላው።

የእንጅባራው

ፍየል ግን እንዳታስገቡ 😄

የቢሾፍቱ ሐኪም

የኒውማርኬቱ በነገረህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ቁስለት ከተገኘበት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል ነው፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ለአራት ሳምንት ያህል። ስሙን ለሰው ጨጓራ ታውቁታላችሁ፣ ግን የሰውን ኪኒን እየፈጨህ እንዳትሰጠው፣ የፈረሱ መድኃኒት ለብቻው የተዘጋጀ ነው፣ የሰዉ ጨጓራው ውስጥ ሳይሠራ ይበላሻል። ደግሞ የውድድር ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ ከውድድር በፊት መቼ መቆም እንዳለበት የታዘዘ ጊዜ አለ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ውድድር ስሙ ከመመዝገቡ በፊት አሠልጣኙ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። መድኃኒቱን የምትሰጠው አንተ ከሆንክ ሰዓቱን በደብተር ጻፍ፣ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተንከባካቢው ነው።